ላልጠጣ ሰካራም የተደረገ ዱዓ

በየዓርቡ ዱዓ የሚያደርግልኝ ሰው አለ። ለእኔ መሆኑን ግን ለብዙ ዓመት አያውቅም ነበር። እሱ ዱዓ የሚያደርገው ለአንድ ሰካራም ወታደር ነው። ሰካራሙ ወታደር እኔ ነኝ። ችግሩ፣ እኔ በዕድሜዬ ሰክሬ አላውቅም። ጨጓራዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠላ እንኳ አያስቀምሰኝም።

የተዋወቅነውም በዚሁ በጨጓራዬ ምክንያት ነው። እዚህ ሎስ አንጀለስ አንድ ሰርግ ላይ ሰው ሁሉ ውስኪውን ሲገለብጥ፣ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ፋንታ ይዘን የተፋጠጥነው እሱና እኔ ብቻ ነበርን። እሱ የወሎ ሰው ነው፣ ሙስሊም። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ባለ ጨጓራ። «አንተስ በምን ምክንያት ነው?» አለኝ ጠርሙሴን እያየ። «በሐኪም ትእዛዝ» አልኩት። «እኔን ያዘዘኝ ካንተ ሐኪም ይበልጣል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አልተለያየንም።

እሱ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከሀበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል። ቁልፍ ይቀበላል፣ መኪና ይደረድራል። እኔ ድሮ ታክሲ ነበር የምነዳው፤ አሁን በስልክ እየተጠራሁ ሰው አመላልሳለሁ። ጠዋት ኤርፖርት የማደርሰውን አድርሼ ስመለስ፣ መኪናዬን እሱ ጋ ፓርክ አደርግና፣ ቡዝ ከሚላት አንድ ሰው በቅጡ ከማታስቀምጥ ክፍሉ ደጃፍ ላይ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ዘርግተን ሻይ እየጠጣን እንጨቃጨቃለን።

ሁለታችንም በአንድ ጦርነት ውስጥ ነበርን፣ በተለያየ ጎን። እሱ ጫካ ገብቶ መንግሥትን ሲወጋ፣ እኔ የመንግሥት ወታደር ነበርኩ። ይሄን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተነጋግረን ጨርሰናል። ያወጣነው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ የተራራ ስም አይጠራም። ሌላው ሁሉ ይቀለድበታል። «እናንተ ስትሸሹ የጣላችሁትን ጫማ የለቀምኩት እኔ ነኝ» ይለኛል። «ለዚህ ነዋ እስካሁን እግርህ የሚሸተው» እለዋለሁ።

«ሠራዊቱ ውስጥ ምን ነበርክ?» ብሎ የጠየቀኝ ቀን «ሹፌር» አልኩት። ሹፌርን ማን ይጠላል? ዳቦና ሽንኩርት ጭኖ የሚመላለስ ምስኪን ነው። እሱም ከዚያ ወዲህ «ሹፌሩ» እያለ ይጠራኛል፤ ስሜን የረሳው ይመስለኛል። እኔ ግን ሹፌር አልነበርኩም። መንዳት የተማርኩት እዚህ አገር ነው፣ ያውም ሁለት ጊዜ ወድቄ።

የእኔ ሥራ ሰዓት መሙላት ነበር። የመድፍ ጥይት አፍንጫው ላይ ፊውዝ አለው፤ ፊውዙ ውስጥ ደግሞ እንደ እጅ ሰዓት ያለ፣ ጥቃቅን ጥርስ ያለው ነገር ተቀምጧል። ጥይቱ መሬት ሳይነካ አየር ላይ እንዲፈነዳ ሲፈለግ፣ ከተተኮሰ ከስንት ሰከንድ በኋላ እንደሚፈነዳ አስቀድሞ ይሞላል። ይሄ በጣት አይሆንም። እኛ ቁልፍ የምንላት መሣሪያ ነበረችን፤ ጎድጎድ ያለች የነሐስ ቀለበት፣ ዙሪያዋን ቁጥር የተቀረጸባት። ቁጥሩን ታስተካክላለህ፣ በትንሿ ብሎን ታጠብቃለህ፣ ጥይቱ አፍንጫ ላይ ትደፋትና ቀጥ እስክትል ታዞራታለህ። ከማዞርህ በፊት የታዘዝከውን ቁጥር ጮክ ብለህ ትደግማለህ። ስትጨርስ «ተሞላ!» ትላለህ። ቁጥሩ ካነሰ ጥይቱ ገና ሩቅ ሰማይ ላይ ሳለ በከንቱ ይፈነዳል። ከበዛ ደግሞ ጊዜው ሳይደርስ አፈር ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በልክ ከሆነ ምን እንደሚሆን እኔ አላይም ነበር። እኔ የማየው ቁጥር ነው።

በልክ ነበር የምሞላው። ይሄ ጉራ አይደለም። እሺ፣ ጉራ ነው።

አንድ የክረምት ጠዋት ሦስት ጥይት ታዘዘ። ሦስቱንም ሞላሁ፣ በአንድ ዓይነት ቁጥር፤ አሥራ ስምንት ነጥብ አራት። ሁለቱ በልክ ፈነዱ። የሦስተኛው ድምፁ ጠፋ። ከፍታ ላይ ሆኖ የሚያይልን ሰው በሬዲዮ «ዋርካው ሥር አፈር ገባ፣ አልፈነዳም» አለ። አዛዡ ከተቀመጠበት ተነስቶ መጣና በጥፊ አጮለኝ። «ሰክረሃል እንዴ አንተ?» እኔ! ያ ጥይት ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ መጋዘን ውስጥ የተኛ የአሜሪካ ዕቃ ነበር፤ ውስጡ ያለችው ሰዓት ዝጋ ይሆናል እንጂ እኔ አልተሳሳትኩም። ግን ማን ይስማኝ? እጄ አመድ አፋሽ ነው። ጥፊው እስከ ዛሬ ያመኛል ብል ትስቁብኛላችሁ።

ወዳጄ ያንኑ ጠዋት ከወዲያ በኩል ሆኖ ያወራልኝ በተዋወቅን በመጀመሪያው ዓመት ነው። የተራራውን ስም አልጠራም፣ ሕግ አክባሪ ነው። ዋርካ አለ፣ ከሥሩ ምንጭ አለ። ከአክስቱ ልጅ ጋር ውኃ ሊቀዱ ወርደዋል። የመጀመሪያው ጥይት ከበላያቸው ሲፈነዳ መሬት ላይ ተኙ። ሁለተኛው የአክስቱን ልጅ ገደለው። ሦስተኛው እሱ ከተኛበት ሁለት እርምጃ ርቆ ጭቃ ውስጥ ተሰካና ዝም አለ። በኋላ እነሱ ዘንድ የተማረከ አንድ መድፈኛ፣ ሰዓቱን የሞላው ሰውዬ ሰክሮ መሆን አለበት ብሎ አስረዳው።

«ወላሂ» አለኝ ወዳጄ፣ «ከዚያ ወዲህ አንድም ጁምዓ ያን ሰካራም ሳላነሳው አልፌ አላውቅም። አላህ የትም ቢሆን ይጠብቀው እላለሁ።»

በዚያች ደቂቃ ስለ አክስቱ ልጅ ማዘን ነበረብኝ፤ ይሄ አልጠፋኝም። ግን መጀመሪያ የመጣብኝ ምን መሰላችሁ? ንዴት። አልሰከርኩም! ከወዲህም ሰካራም፣ ከወዲያም ሰካራም! ሌላው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስተኛው የእኔ ከሆነ ሁለተኛውም የእኔ ነው። ምርቃቱን ለብቻው ወስጄ ሬሳውን ለሌላ ሰው ልተውለት አልችልም። ብነግረው ደግሞ ያቺን ወንበር አጣታለሁ፤ በዚህ ከተማ ያለችኝ ወንበር እሷ ናት። «እግዜር ይማረው» ብዬ ሻዬን ጨረስኩ። ለማን እንዳልኩ እሱም አልጠየቀኝ።

እንዲህ እያልን ዓመታቱን ፈጀናቸው። ዓርብ ሲመጣ እሱ ወደ መስጊዱ ሲሄድ «ሰካራሙን እንዳትረሳ» እለዋለሁ፣ እየቀለድኩ። «አብሽር፣ አልረሳውም» ይለኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰኞ ጠዋት ስደርስ «ና፣ ያመጣሁትን እይ» አለኝ። እሁድ እሁድ ከፌርፋክስ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ዞር ዞር ማለት ይወዳል። ኖርዝ ሆሊውድ ያለችው አፓርትማው የማይሠራ የግድግዳ ሰዓትና የማይበራ ፋኖስ መጋዘን ሆናለች። «ሻጩ የመርከብ ዕቃ ነው ብሎኛል። የመኪና ቁልፎቹ ማስቀመጫ ላደርገው ነው» ብሎ አቀበለኝ።

ማየት ሳያስፈልገኝ ክብደቷን እጄ አወቀው። ያቺ የፊውዝ ቁልፍ ናት! የእኔዋ ትሁን እህቷ እንጃ፣ እሷው ናት። እኔ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቼ፣ ስንት ፎርም ሞልቼ የገባሁበት አገር ለእሷ የትውልድ ቀዬዋ ነው፤ ፀሐይ ስትሞቅ ነው የተገኘችው። ያኔ የተቀረጸባትን እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም ነበርና አንድ ትልቅ ምሥጢር ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳነበው የዕቃ ቁጥር ነው።

«የምን መርከብ ነው ደግሞ!» አልኩ።

እዚህ ላይ አፌን መዝጋት ነበረብኝ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይሉ የለም? አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ አሳምሮ ሲችል፣ ያንንም ለማንም ማሳየት ሳይችል ሲቀር፣ እንዲህ ነው የሚያደርገው። አጠገባችን ቦታ የሚዘጋበት ብርቱካናማ ሾጣጣ የፓርኪንግ ኮን ቆሟል። አውራ ጣቴ ብሎኗን ራሱ አገኛት። «አሥራ ስምንት ነጥብ አራት!» ብዬ ጮህኩ፣ አጠበቅኩ፣ ኮኑ አናት ላይ ደፋኋት፣ አዞርኩ። «ተሞላ!» ራሴን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከምግብ ቤቱ የወጣች አንዲት ሴት ዘወር ብላ አየችን።

«ምኑ ነው የተሞላው?» አለ ወዳጄ።

ቁልፏን ከኮኑ አንስቼ መለስኩለት።

«ሹፌር ይሄን ከየት ያውቃል?»

ይህን እንዳለ ሚራክል ማይል የሚባለው ሰፈር ቢሮ ያለው አንድ ደንበኛ መጥቶ መኪናውን ጠየቀ። ከጥግ ያለውን ለማውጣት ሦስት መኪና ማንቀሳቀስ ነበረበት። አንድ በአንድ አወጣቸው፣ አንድ በአንድ መለሳቸው፤ አንዱንም አላፈጠነውም። ተነስቼ ልጠፋ ፈልጌ ነበር። የመኪናዬ ቁልፍ ግን እሱ ኪስ ውስጥ ነው።

ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያም ሕጋችንን ጥሶ የተራራውን ስም ጠራ፣ በአሥራ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

«አዎ» አልኩት።

«ዋርካው ጋ?»

«ዋርካው ጋ።»

«የመጀመሪያውን የሞላኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁለተኛውንም?»

«ሁለተኛውንም እኔ ነኝ።»

ፊቱን በመዳፉ አበሰ። «ሦስተኛው ላይ ሰክረህ ነበር?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኬን ስጠብቀው ነበር። አንድ ሰው በደህና ጆሮ እንዲጠይቀኝ፣ እኔም አልሰከርኩም፣ በልክ ነበር የሞላሁት ብዬ ያን ጥፊ ከፊቴ ላይ እንዳነሳ። አሁን ግን አልሰከርኩም ማለት፣ ለአንተም በልክ ሞልቼልህ ነበር፣ ያተረፈህ ዝገት ነው ማለት ሆነ።

«ሰክሬ ነበር» አልኩት።

አተኩሮ አየኝ። በስንት ሰርግ፣ በስንት ክርስትና አብረን ፋንታ ይዘን ተቀምጠናል! «አንተ» አለኝ። «ጠላ የማትቀምሰው።»

«ያኔ እጠጣ ነበር።»

«ጨጓራህ ከልጅነትህ ነው። ራስህ ነህ የነገርከኝ።»

ቁልፌን ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረው። «ሂድ፣ ደንበኛ ይጠብቅሃል» አለኝ። ደንበኛ አልነበረኝም፣ ያውቃል። ሹፌሩም አላለኝም።

ያን ሳምንት ወደ ፓርኪንጉ ዝር አላልኩም። ፒኮ ሮበርትሰን አካባቢ መንገድ ዳር ስቆም፣ መንገድ የሚጠረግበት ቀን መሆኑን ሳላይ ቀርቼ የቅጣት ቲኬት ተለጠፈብኝ። ሚስቴ «ነፃ ቦታህን ትተህ ምን አስሄደህ!» ብላ ጮኸችብኝ። የዚያን የአክስቱን ልጅ ፊት አላውቀውም፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ በቁጥር ነው የያዝኩት። በዚያ ሳምንት ግን ውኃ መቅጃውን እንደያዘ ይመጣብኝ ጀመር። አንድ ቀን ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ከኋላ ያሳፈርኳት ልጅ «አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። «አለርጂ ነው» አልኳት።

ዓርብ ከሰዓት አላስቻለኝም። ሄድኩና መኪናዬን መግቢያው ላይ አቁሜ ጠበቅኩት። ከጁምዓ ሲመለስ ነጭ ኮፍያውን ገና አላወለቀም ነበር። የነሐሷ ቁልፍ ቡዙ መስኮት ላይ ተቀምጣለች። ብሎኗን አልነካትም፤ እንዳጠበቅኳት ናት።

ወንበር አልሰጠኝም፣ አልከለከለኝምም። ቆሜ ቀረሁ።

«ለሰካራሙ ዱዓ አደረግክ?» አልኩት።

«አደረግኩ።»

«ሰካራም እንዳልነበረ እያወቅክ?»

«ይሄን ሁሉ ዓመት የለመድኩትን የት ልጣለው?» ኮፍያውን አውልቆ በጥንቃቄ አጠፈው። «ላልሰከረውም አደረግኩ። እሱ ግን ከበደኝ። ጀምሬ ተውኩት። የጨረስኩት ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው።»

ከኋላዬ ሊገባ የፈለገ ሰውዬ ክላክሱን አስጮኸው።

«ሹፌሩ» አለኝ ወዳጄ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ። «መኪናህን አንሳ፣ ሰው ዘግተሃል።»

ገብቼ ነዳሁ። ዓርብ ከሰዓት እዚያ ግቢ መርፌ መጣያ የለም፤ የት እንደማቆም ግራ ገብቶኝ ወደ ውስጥ ዘለቅኩ። ድሮ የማቆምበት ቦታ ባዶ ነበር። ማንም እንዳይገባበት ብርቱካናማው ኮን መሐሉ ላይ ቆሟል። ወርጄ ኮኑን አነሳሁና ፓርክ አደረግኩ።