የቬርና ልክ

ሰው ሲሞት «ደግ ነበረች» ይባላል፤ ወጉ ነው። ቬርና ኬስለር ግን ደግ አልነበረችም፤ ልክ ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ አንድ ቀን ጮኻ አታውቅም። የሚረብሽ ልጅ ከተነሳ መኪናውን ዳር ታስይዝና ሞተሩን አጥፍታ ሹራቧን መሥራት ትጀምራለች። ሌሎቹ ልጆች ራሳቸው ረባሹን ዝም እስኪያሰኙት ድረስ ንቅንቅ የለም። የእኔም ሁለት ልጆች በእሷ እጅ ነው ያለፉት፤ ዛሬም የሹራብ መርፌ ሲያዩ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከበቆሎው ማሳ ጀርባ ካለው ከክለባችን ተኩስ ሜዳ አትጠፋም። በዚህ በፔንስልቬንያ ሸለቆ ሰው ቅዳሜውን የሚጨርሰው አንድ ሺህ ያርድ ርቆ የቆመ ወረቀት ላይ አምስት ጥይት አንድ ቦታ ለማሳረፍ ሲጨነቅ ነው። ሚስቶቻችን እብዶች ይሉናል። ቬርና ከእብዶቹ አንዷ ነበረች፤ ያውም የባሰባት።

ነገር ግን የራሷ ጠመንጃ ኖሯት አያውቅም። ባሏ ሉተር አዲስ ሲያሠራ አሮጌው ወደ እሷ ይተላለፋል። ሉተር በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ነው፤ እሷ ትከሻው ጋ አትደርስም። ሰደፉ በእሱ ክንድ ልክ የተቆረጠ ስለሆነ፣ ቃታው ጋ ለመድረስ አንገቷን አስግጋ፣ ትከሻዋን አጣማ ነው የምትተኩሰው። እንዲያም ሆና ትረታዋለች።

እኔ ኢርቪን እባላለሁ፤ ጠመንጃ ሠሪ ነኝ። ከቤቴ ጀርባ አንድ ቶርኖና አንድ የእንጨት ምድጃ ያለባት ክፍል አለችኝ። ቬርና ጡረታ በወጣች በዓመቷ፣ ጥቅምት ላይ፣ ሁለቱም መጡ።

«ለእሷ ነው» አለኝ ሉተር፣ እንደ ሙሽራ አፍሮ። «ከጫፍ እስከ ጫፍ ራሷ ትመርጣለች። እኔ አፌን አልከፍትም።»

«እስቲ እናያለን» አለች ቬርና።

አምስት ደቂቃም አልቆየ፤ ስለ ማነጣጠሪያው መነፅር ማውራት ጀመረ። እሷ እቴ፣ ሰምታውም አይደል። ማቀባበያው የሚመላለስበትን ዋናውን አካል ሦስት ዓይነት ደርድሬላት ዓይኗን ጨፍና አንድ በአንድ ከፈተች፣ ዘጋች። «ይሄኛው አይንገጫገጭም» ብላ አንዱን ለየች፤ እኔም በልቤ የያዝኩት እሱን ነበር። ለሰደፉ ደግሞ አባቷ ግቢ ነፋስ ከጣለው የዋልነት ዛፍ የተሰነጠቀ ሳንቃ ይዛ መጥታለች፤ ጎተራ ውስጥ ሃያ ዓመት የደረቀ። ክንዷን አጥፋ ተቀመጠችና ከክርኗ እስከ ጣቷ ለካሁ፤ አሥራ ሁለት ኢንች ተኩል። የሉተር አሥራ አራት ተኩል ነው።

«አየህ ሉተር?» አለች። «አርባ ዓመት ሙሉ በሁለት ኢንች ስትበድለኝ ኖረሃል!»

እኔና ሉተር በሳቅ ፈረስን። የቀረው አፈሙዙ፣ ጥይቱ የሚወጣበት የብረት ቧንቧ ብቻ ነበር። ቬርና መደርደሪያው ላይ የተጋደመ አንድ አዲስ አፈሙዝ አየችና በጣቷ ጠቆመች።

«ያ ምን አጠፋ?»

«ያማ ለአጋዘን አዳኝ ነው» አልኳት። «ለአንቺ ከዋናው ሠሪ እናዛለን። አምስት ወር ቢፈጅ ነው።»

«ለእኔ ይበቃኛል፣ ኢርቪን።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብዬ አፏን አስያዝኳት። በእኛ ሙያ ደግሞ ሌላ አባባል አለ፤ «ሁሉ ይለወጣል፣ አፈሙዝ ይጠበቃል» ይባላል። እሱንም ጨመርኩላት፤ አዋቂ ነኛ! እሷ የትዕዛዙ ወረቀት ላይ ልትፈርም እስክሪብቶ አነሳች፤ ከእጇ ወደቀ። አነሳችው፤ ደግሞ ወደቀ። እኔ ደንቆሮው እስክሪብቶውን ነው የሰደብኩት።

ታኅሣሥ ላይ ሉተር ብቻውን መጣ። ባርኔጣውን እያሸ «ማቀባበያውን ወደ ግራ ብታዞረው» አለኝ። «ቀኝ እጇ ሰንፏል። በግራ እየተለማመደች ነው።» ምን አገኛት ስለው የበሽታውን ስም ነገረኝ፤ ጅማትና ጡንቻ ቀስ እያለ የሚገድል፣ መድኃኒት የሌለው። ከዚያ ወዲህ ስለ በሽታዋ አውርቶኝ አያውቅም። የሚያወራኝ ስለ ዕቃ ነበር። ጥር ላይ ሰደፉ ይቅለልላት አለ። የካቲት ላይ ቃታው ይላላላት አለ። ሁለት ወቄት ላይ አወረድኩት፤ የአንድ እንቁላል ክብደት ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በራሷ ልክ ተቀምጣ አንድ ጥይት እንድትተኩስ ነበር የሚሮጠው።

መጋቢት ላይ ሁሉም ዕቃ አልቆ ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድሟል። አፈሙዙ የለም። ወደ ሠሪው ስደውል መልሱ «የሚመጣው ወር» ነው። ሉተር ወደ መደርደሪያው አየ።

«ያ አፈሙዝስ፣ ኢርቪን?»

እዚህ ጋ ነው እኔ መቀበር የነበረብኝ። ቶርኖው ሙቅ ነው፤ ያንን ለመግጠም አራት ቀን ይበቃኝ ነበር። «አንድ ወር ብቻ እኮ ነው፣ ሉተር» አልኩት። «የመጀመሪያ ጠመንጃዋ ናት፤ በተራ አፈሙዝ እናሳፍራት?» እሱም ለእሷ የማይረባ ነገር መስጠት አልሆነለትም፤ እሺ አለ። ሁለት ሽማግሌዎች ቆመን፣ የሴትዮዋን ጣት ረስተን ስለ አፈሙዝ ክብር ተማከርን። ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለውን ማን ያስታውስ!

አፈሙዙ የደረሰው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። እንዴት ያለ ሥራ መሰላችሁ፤ እያየሁት አለቀስኩ። ምግብም በቅጡ ሳልበላ ገጠምኩት።

በቅዳሜው ሉተር ቬርናን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ሜዳው ደረሰ። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ፣ የአሸዋ ከረጢት ላይ አሳረፍንላት። ጉንጯን ሰደፉ ላይ አደረገች። አንገቷ አልተሰገገም፤ ትከሻዋ አልተጣመመም። መነፅሩ ልክ ዓይኗ ፊት ነው።

«ልኬ ነው» አለች፣ ቀስ ብላ።

ሉተር አቀባበለላት። የግራ ጣቷን ቃታው ላይ ያደረገችው ራሷ ናት። ሰው ሁሉ መተኮሱን አቁሟል። ጣቷ ቃታው ላይ አረፈች፤ እዚያው ቀረች። ጠበቅን። «ኧረ በእመቤቴ፣ ሳቢው!» እላለሁ በሆዴ።

«ኢርቪን» አለች፣ ዓይኗን ከመነፅሩ ሳትነቅል። «ከዚህ በታች አይቀልም?»

«አይቀልም፣ ቬርና።»

«በሚያዝያ ይችል ነበር» አለች፤ ስለ ጣቷ ነው። ከዚያ ቀና ብላ «ሉተር፣ አንተ ተቀመጥ። ነፋሱን እኔ አይልሃለሁ» አለችው።

ሉተር እንቢ አላለም። ዶሮ ክንፏን እንደምትሰበስብ ክርኑን ሰብስቦ፣ በእሷ ልክ ተጨማድዶ ተቀመጠ። እሷ ነፋሱን እየነገረችው አምስት ተኮሰ። ወረቀቱ ሲመጣ አምስቱም በመዳፍ ይሸፈናሉ። ቬርና ወደ እኔ ዞራ «እውነትህን ነው፣ አፈሙዙ ጥሩ ነው» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም ላይ ሞተች።

በቀጣዩ ግንቦት ክለቡ ሲከፈት ሉተር ያንኑ ጠመንጃ ይዞ መጣ። የእሱ ሦስት አሉት፤ ቤት ትቷቸው ነው። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ክርኑን አጥፎ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ወጣ። በሦስተኛው አላስቻለኝም፤ ሊያስጠርገው ሱቄ ይዞት ሲመጣ ያዝኩት።

«ለእኔ ተውልኝ» አልኩት። «ሰደፉ ጫፍ ላይ ሁለት ኢንች እቀጥልበታለሁ። መገጣጠሚያው አይታይም። ወገብህን ልትሰብረው ነው እኮ።»

ጠመንጃውን ከጠረጴዛው አነሳና ሰደፉን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«አርባ ዓመት በእኔ ልክ ስትተኩስ፣ አንድ ቀን ላሳጥርልሽ ብያት አላውቅም» አለኝ። «እንደዚሁ ተወው።»

ጠርጌ፣ ዘይት ቀብቼ መለስኩለት።