ከባንኮኒው ሥር ያለው ጣሳ

ሰባተኛ ሰፈር ቢላዋ ይሸጡ የነበሩት አጎቴ «አይዝግም» የሚል ጽሑፍ አምነው አያውቁም። ደንበኞቻችን አፍዴራ ጨው የሚያመርቱና ጅቡቲ ወደብ የሚሠሩ ናቸው። አዲስ ዕቃ ሲመጣ አንዱን ቢላዋ የጨው ውኃ በሞላ ጣሳ ነክረው ከባንኮኒው ሥር ለቀናት ያስቀምጡታል። «ጨው ደንበኛ ፊት ከሚያዋርደን እዚሁ ያዋርደን» ይሉ ነበር። ገዢውንም «ሁልጊዜ በንጹሕ ውኃ እጠበው፤ አድርቀህ ዘይት ቀባው» ሳይሉት አይሸኙም።

በሰልስታቸው ማግስት ሱቁን ስከፍት፣ በፊት አንድ ቢላዋ ለናሙና ትቶ የሄደ አስመጪ ካርቶኖቹን አሸክሞ ደጃፍ ላይ ጠበቀኝ።

«ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዕቃውን ወደውት ነበር። እናራግፍ?»

ሙት አይናገርም ብሎ ነው። አጎቴ ሳይፈትኑ እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ ማስረጃ ግን የለኝም። ወዛደሮቹ ሸክሙን እንደያዙ አፍ አፌን ያያሉ። ያኔ ጣሳው ትዝ አለኝ።

ጎንበስ ብዬ ሳወጣው ውኃው ሻይ መስሏል። የነከሩት ቢላዋ ስለቱ ያበራል፤ እጀታው ሥር ግን ዝገት በልቶታል። ለአስመጪው አቀበልሁት። ገልበጥ አድርጎ አየውና ወደ ወዛደሮቹ ዞረ።

«መልሱት።»

ሲሄዱ ጣሳውን አጥቤ ንጹሕ ውኃ ሞላሁበት። ከዚያ የጨው ከረጢቱን ይዤ ቆምሁ። ያን ሁሉ ዓመት ከጎናቸው ስሠራ፣ ስንት እፍኝ እንደሚጨምሩ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።