የድንኳን ቤቱ ተርብ

ስብሐት የቀጨኔ ልጅ ነበር። እንጀራው ቧንቧ መጠገን ነው፤ ሰፈሩ የሚያውቀው ግን በእድራችን ድንኳን ነው። ሰው ሲሞት የሚተክለው፣ ሠልስት ሲያልፍ የሚያጥፈው እሱ ነው። ካስማ ሲመታ ይሳደባል፤ ሲጨርስ ደግሞ ከቤተ ዘመዱ ቀድሞ ያለቅሳል። ሆደ ቡቡ ነበር።

አምና ዊንጌት አካባቢ የሰው ጣራ ሥር ቧንቧ ሲያስር አንዲት ተርብ አንገቱን ነደፈችው። ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል ገባ። ሐኪሙ፣ «ሁለተኛ ከተነደፍክ ላትተርፍ ትችላለህ» አለው። ሚስቱ ብርቅነሽ ከዚያ ወዲህ ዝንብ ሽው ስትል ትደነግጣለች።

ዘንድሮ ተርቦቹ ድንኳኑ በሚቀመጥበት በእድሩ ድንኳን ቤት ውስጥ ጎጆ ሠሩ። በቆርቆሮው ሽንቁር ሲገቡ ሲወጡ ሁላችንም እናያለን። ከፋሲካ ወዲህ ሰው ስላልሞተ በሩ አልተከፈተም፤ ቁልፉም ያለው የእድሩ ዳኛ ዘንድ ነው። ስብሐት ሄዶ ለመናቸው።

«ጋሼ፣ ማለዳ ብርዱ ሳይለቃቸው ፍሊት ቢነፋባቸው በቃ ያልቃሉ። ጎረምሶቹ ይሥሩት፣ እኔ ከሩቅ ላሳያቸው። ለቅሶ የመጣ ቀን ግን ይፈጁናል።»

«ለቅሶ ሳይኖር ድንኳን ቤት ሲከፈት አይተሃል? ማንን ልትጠራብን ነው? ሟርተኛ!»

የሰማው ሁሉ ዳኛውን ደገፈ። ያለ ለቅሶ የተነካ ድንኳን ሞት ይጠራል ይባላል በእኛ ሰፈር። ተርብ ሲራባ ቆሞ ማየት ግን ሟርት አይደለም! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ስብሐት አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባ፤ ሌላ ምን ያድርግ?

ሐምሌ ላይ ጎረቤታችን እትዬ ዓለሜ አረፉ። ዝናቡ ዶፍ ነው፤ ለቀስተኛው ደጅ ቆሞ ይበሰብሳል። ዳኛው በሩን ገፋ ሲያደርጉት ተርቦቹ ግር ብለው ወጡ። ጎረምሶቹ ተበተኑ፤ ዳኛውም ጋቢያቸውን ተከናንበው ሸሹ። ስብሐት ለብርቅነሽ ቃል እንደገባላት ከሩቅ ቆሞ ነበር። የእትዬ ዓለሜ ልጅ እየተንቀጠቀጠች ወደ እሱ መጣች።

«ጋሼ ስብሐት፣ እናቴ ያለ ድንኳን ልትሸኝ ነው?»

የዝናብ ልብሱን እስከ አገጩ ቆለፈና ገባ። ድንኳኑን እየጎተተ ሲወጣ ከንፈሩ አብጦ ነበር። ጉሮሮውን ይዞ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ተሸክመነው ዳገቱን ሮጥን፤ አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ እጃችን ላይ አለፈ።

ሁለቱም መድኃኔ ዓለም ተቀበሩ። ድንኳኑ መንገዱ ላይ፣ በሁለቱ ቤቶች መሀል ተተከለ፤ ባንድ ድንኳን ሁለት ለቅሶ ተቀመጥን። ድንኳን ቤቱ ግን ተርቦቹን እንደያዘ ተመልሶ ተቆልፏል። የፈሩት ይደርሳል፤ ብቻ ሟርት የፈሩት ዳኛችን ላይ አልደረሰም።

ዳኛው ጎንበስ ብለው፣ «እግዜር ያጽናሽ» አሏት ብርቅነሽን።

ቀና ብላ አየቻቸው። እንባ አልነበራትም።

«ይኸው አሁን ለቅሶ አለ፣ ጋሼ» አለች። «ቤቱን ይክፈቱትና ተርቡን ያስወጡ።»