የማድርበት አድራሻ

በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ቤቴ አንዲት አሮጌ ቫን ነበረች። ሥራዬ ዕቃ ማመላለስ ነው። ሳን ሆዜ ካሉ ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ወርክሾፖች ሰርኪት ቦርድ እጭናለሁ፣ ፍሪሞንት አራግፋለሁ፣ ከዚያ ሬድውድ ሲቲ፣ ከዚያ ኦክላንድ። መጀመሪያ ላይ ክፍል ተከራይቼ ነበር፤ የማድርበት ቀን እያነሰ ሲሄድ ግን ባዶ አልጋ ለምን እቀልባለሁ አልኩና ለቀቅኩት። ፍራሼን ከኋላ ዘረጋሁ፣ ልብሴን በካርቶን አደረግሁ፣ የጋዝ ምድጃ ገዛሁ። ማንንም አላስቸግርም፣ ማንም አያስቸግረኝም እያልኩ እኮራ ነበር።

አንድ ክረምት ፍሪሞንት፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ቆሜ ሳለ ትኩሳት ጣለኝ። አለቃዬ የሚጠራኝ ቢፐሬ ይጮሃል፤ ወርጄ ከሕዝብ ስልክ መደወል አቃተኝ። ከመስኮቱ ውጭ ሰዎች ጠዋት ወደ ባቡሩ ይሮጣሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። ከነሱና ከኔ መሀል ያለው አንድ ቀጭን ቆርቆሮ ነው፤ ግን እዚያ መኖሬን የሚያውቅ አልነበረም። እዚህ ብሞት የሚያገኘኝ የፓርኪንግ ፖሊስ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ያውም የቅጣት ቲኬቱን ለጥፎብኝ ከሄደና ከተመለሰ በኋላ። ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ፈራሁ። ከአገሬ ስሰደድ ድንበር ስሻገር እንኳን እንደዚያ አልፈራሁም።

ስድን አለቃዬን የጤና ኢንሹራንስ ጠየቅሁት። «አንተ እኮ ተቀጣሪ አይደለህም፣ ኢንዲፔንደንት ነህ፣ የራስህ ጌታ» አለኝ። ሲናገረው ሙገሳ ይመስል ነበር። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይላሉ የኔ ሰዎች። ለኔ ግን ሰው ማስቸገር ሞት ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቴን ልግዛ ብዬ ተነሳሁ።

ሳን ሆዜ፣ ልብሴን ከማጥብበት ላውንድሪ ጎን፣ አንድ የኢንሹራንስ ኤጀንት ነበር። ከረባቱን ያላላ፣ ትዕግሥተኛ ሰው።

«የት ነው የምትኖረው?» አለኝ።

የፖስታ ሣጥን ቁጥሬን ሰጠሁት።

«ፖስታ ሣጥን ውስጥማ አትተኛም። የት ነው የምታድረው?»

«ትናንት ፍሪሞንት።»

«ዛሬስ?»

«እንደ ሥራው ነው። ሬድውድ ሲቲ ይመስለኛል።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ዋጋው የሚወሰነው በምኖርበት ካውንቲ፣ እንደኛ ወረዳ በሉት፣ ነው አለኝ፤ የምሄድባቸው ሐኪሞችም በካውንቲ የተደለደሉ ናቸው። እኔ ደግሞ በሳምንት ሦስት ካውንቲ አድራለሁ። «ቤት የሌለውን ሰው ኩባንያው አይቀበልም» አለኝ።

«ቤትማ አለኝ፣ ውጭ ቆማለች» ብዬ በመስኮቱ አሳየሁት። አየት አደረጋትና «አድራሻ ስታገኝ ተመለስ» አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ሌላ ኤጀንት ጋ ሄድኩ፣ ሌላም ጋ ደወልኩ። የሁሉም ጥያቄ ያው ነው፤ የት ነው የምታድረው?

ኦክላንድ፣ ቴሜስካል የሚባል ሰፈር፣ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ነበረች። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ እንላቸው ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ የሌላቸው፣ ምላሳቸው ከበርበሬያቸው የሚያቃጥል ሴት ናቸው። ወደዚያ ዕቃ ባደረስኩ ቁጥር እሳቸው ጋ ሽሮ እበላለሁ። ቫን ውስጥ እንደማድር ካወቁበት ቀን ጀምሮ አንድ ዘፈን ያዙ። «ፎቅ ላይ ትርፍ ክፍል አለኝ እያልኩህ! አይጥ ከሚያድርበት አንተ እደርበት፣ አፈር ስሆን!»

«አላስቸግርዎትም እትዬ» እላለሁ። ሂሳቤን ከፍዬ እወጣለሁ።

አንድ ቀን የኤጀንቶቹን ነገር እየተበሳጨሁ አወራኋቸው።

«የጠፋው አድሬስ ብቻ ነው?» አሉ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ። «የኔን ጻፍላቸዋ።»

«ውሸት ይሆናል፣ እትዬ።»

«ትርፍ ክፍሌን ሰጥቼሃለሁ። አልገባም ያልከው አንተ። ውሸታሙ ታዲያ ማነው?»

የሳቸውን አድራሻ ይዤ ወደ ኤጀንቱ ተመለስኩ። ደስ አለው፤ ቀጥሎ ግን ኩባንያው ነርስ ቤት ድረስ እንደሚልክ፣ እዚያው እንደምትመረምረኝ ነገረኝ። ወሬውን ለእትዬ ሳደርስ ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው እቴ! «ትምጣ፣ ቤት አለ አይደል» አሉ።

በቀጠሮው ቀን ቀደም ብዬ ደረስኩ። ከምግብ ቤቱ ጀርባ ባለው ደረጃ ይዘውኝ ወጡ። ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ጠባብ ሳሎን አለች፤ ከሳሎኗ ቀጥሎ ያ ሲነገርለት የኖረው ክፍል። አልጋው በነጭ አንሶላ ተወጥሮ ተነጥፏል፣ ጫፉ ላይ ፎጣ ታጥፎ ተቀምጧል።

«ጫማህን ከመኪናህ አምጣና ከአልጋው ሥር አድርግ። ሸሚዝህንም ምስማሩ ላይ ስቀል። ሰው የሚኖርበት ይምሰል እንጂ!»

ለቀልድ ያህል በሩ ላይ ቆሜ «ቤት ለእንቦሳ!» አልኩ።

እሳቸው ሳይስቁ «እንቦሳ እሰር» አሉኝ።

ነርሷ መጣች። የደም ግፊቴን ለካች፣ ደም ቀዳች፣ ከዚያ ትንሽ ብልቃጥ ሰጥታ ሽንት ቤት ላከችኝ። ክፍሉ ከመግቢያው ሌላ ሁለት በር አለው፤ ሽንት ቤቱ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። በገዛ ቤቴ! ደፈር ብዬ አንዱን ከፈትኩ። ቁም ሣጥን ነው፤ የሴት ቀሚስ ጢም ብሎበታል። ነርሷ ቀሚሶቹን አየች፣ ቀጥሎ እኔን።

«ስቶሬጅ! ስቶሬጅ!» ብለው ጮኹ እትዬ ከሳሎን።

ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ሌላኛው በር ጠቆመችኝ። እኔም ትርፍ ልብሳቸውን እዚያ የሚያስቀምጡ መሰለኝ፤ ከዚያ በላይ አላሰብኩበትም።

ከሄደች በኋላ «በል እዚሁ እደር፣ አልጋው ተነጥፏል» አሉ። አመሰገንኳቸው። ጫማዬን ከአልጋው ሥር፣ ሸሚዜን ከምስማሩ አነሳሁና ወደ ቫኔ ወረድኩ። በሩ ላይ ቆመው አዩኝ።

ካርዱ በሳቸው አድራሻ መጣ። ቢፐሬ ላይ ደወሉልኝና ሄጄ ወሰድኩ። ያን ቀን ሬድውድ ሲቲ ወደብ አጠገብ አቁሜ ካርዱን ደጋግሜ አየሁት። ስሜ አለ፣ ከስሜ ጋር ቁጥር አለ። በቃ፣ ከእንግዲህ ብታመም የማንንም ፊት አላይም። ካርዱን ለአንድ ሰው ላሳየው ፈለግሁ፤ ዙሪያዬን ሳይ የቆሙ መኪናዎች ብቻ ናቸው። ኪሴ ከተትኩትና እራቴን አሞቅሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ከባድ ሣጥን ሳነሳ ብሽሽቴ ላይ አንድ ነገር ሸርተት አለ። ቡአ ነው፣ መቀደድ አለበት ተባልኩ። ቡአ ደግሞ ለትልቅ ሴት የሚነገር በሽታ አይደለም፤ ለእትዬም ለሌላም ትንፍሽ አላልኩም። ካርድ እያለኝ ለምን ብዬ? በቀጠሮዬ ጠዋት ቫኗን ኦክላንድ ሆስፒታሉ ግቢ አቆምኩና ገባሁ። ሲጨርሱልኝ ነድቼ ልወጣ ነበር ሐሳቤ።

ከማደንዘዣው ስነቃ አንዲት ነርስ «ማነው የሚወስድህ?» አለችኝ።

«መኪናዬ ውጭ ናት።»

«መኪና አልጠየቅኩህም። ሰው ነው የጠየቅኩህ። ዛሬ ብቻህን አትወጣም።»

ካርዴን አውጥቼ ዘረጋሁላት። ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም።

«እሱ ሂሳቡን ነው የሚከፍለው» አለች፣ በደግነት።

አጠገቤ ተኝተው የነበሩትን ሰው እየመጣ ይወስዳቸዋል። አንዱን ሚስቱ ካልሲ አጠለቀችለት። ሌላዋን ጎረቤቷ ነው መሰለኝ ተሽከርካሪ ወንበሯን እየገፋ ይቀልድባት ነበር። እኔ ካርዴን እንደያዝኩ ነኝ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ፍሪሞንት ከነበረው ይብሳል፣ እዚያ ቢያንስ የጠየቀኝ አልነበረም። ነርሷ ተመልሳ ስትመጣ በቃሌ የማውቀውን አንዱን ስልክ ሰጠኋት።

እትዬ ምግብ ቤቱን በምሳ ሰዓት ዘግተው፣ አንድ ባለታክሲ ደንበኛቸውን ከገበታው አስነስተው መጡ። ሽርጣቸውን እንኳን አልፈቱም። ነርሷ ምኔ እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው «እኔ ጋ ነው የሚኖረው» አሏት። ምን ሆነህ ነው ብለው አልጠየቁኝም። «ብጠይቀውስ ደግሞ ሊነግረኝ!» ብቻ አሉ፣ ወደ ባለታክሲው ዞር ብለው።

ፎቅ ላይ ወዳለው ክፍል ወሰዱኝ፤ አልጋው ያው በነጭ አንሶላ የተነጠፈው ነበር። አጋደሙኝ፣ ብርድ ልብስ ደረቡልኝ። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። የተኛሁ መስሏቸዋል። በጫማቸው ጫፍ እየረገጡ ገቡና ቁም ሣጥኑን ከፈቱ፤ የሌሊት ልብሳቸውንና ጋቢያቸውን አወጡ። ጎንበስ ብለው ከአልጋው ሥር ነጠላ ጫማቸውን ሳቡ። ከትራሴ ጎን ካለው መሳቢያ ደግሞ የጸሎት መጽሐፋቸውንና መነጽራቸውን አነሱ።

በተከፈተው በር ሳሎኗ ትታየኛለች። ከምግብ ቤቱ የመጡ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ተጋጥመዋል፤ ላያቸው ላይ ትራስ ተቀምጧል። ሌላ ክፍል የለም። ቤቱ በሙሉ ይኸው ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ትርፍ ክፍል አለኝ፣ አይጥ ያድርበታል የሚሉኝ ይህንኑ፣ የሚተኙበትን ነበር።

መነሳት ፈለግሁ፤ ቁስሌ ያዘኝ። እትዬ ልብሳቸውን በብብታቸው ይዘው ወደኔ ዞሩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀርበው ብርድ ልብሱን እስከ አንገቴ ሳቡልኝ።

«ተኛ ልጄ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ቤትህ ነው።»

እንዳልተኛሁ ያወቁ እንደሆን አላውቅም። በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ፤ አግዳሚው ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። እንባዬ ወደ ጆሮዬ ወረደ፤ እንዳይሰሙኝ በአፌ ተነፈስኩ።