አልጀብራና የአባቴ ቀርከሃ

አባቴ ባሕር ዳር ውስጥ የታወቁ ወጌሻ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ሥራው በዛባቸው። ከእስር የሚለቀቁ ሰዎች ሲመሽ፣ ሰው ላይ ተደግፈው፣ የሐይቁን ዳር ደንገል ተከትለው በጓሮ በር ይመጣሉ። አባቴ እንዴት ተሰበርህ ብለው አይጠይቁም። አጥንቱን በቅቤ አሽተው ያቃናሉ፣ በቀርከሃ ስንጥቅ ደግፈው በጨርቅ ያስራሉ። እኛም ያየነውን ለማንም አንተነፍስም።

አንድ ዐርብ ጠዋት የሒሳብ መምህራችን አልጀብራ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ጻፈና ከየት እንደመጣ ነገረን። እንግሊዞች ከላቲን፣ ላቲኖች ደግሞ ከዐረብ ነው የወሰዱት፤ ትርጉሙም የተሰበረን ወደ ቦታው መመለስ ነው አለ። እስፓኝ አገር ወጌሻን ራሱን ከዚሁ ቃል በወጣ ስም ይጠሩት ነበር።

"እንግዲህ የአልጀብራ ሊቅ ካማራችሁ የዚችን ልጅ አባት ጠይቁ" ሲል ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም በኩራት ልቤ አበጠ።

ከኋላ የተቀመጠው የወጣት ማኅበሩ ተጠሪ ብቻ አልሳቀም። ብድግ ብሎ "አባትሽ ሰሞኑን የማንን አጥንት ጠገኑ?" አለኝ።

 በዚያች ሰዓት ጓዳችን ውስጥ ክንዱ በቀርከሃ የታሰረ ሰው ተኝቶ ነበር።

"እሱ ከትምህርቱ ውጪ ነው፤ ተቀመጥ!" አለ መምህሩ።

ያን ልጅ ደፍሮ ተቀመጥ የሚል ሰው አይተን አናውቅም። ቀስ ብሎ ተቀመጠና ፈገግ አለ። ያንን ፈገግታ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

ቤት ገብቼ ነገሩን ለአባቴ ነገርኋቸው። በማግስቱ ጓዳ የተኛውን ሰውዬ ጎርጎራ በሚሄድ ጀልባ አሳፈሩት። ሰኞ መምህሩ አልመጣም፤ ማክሰኞ ሌላ መምህር ገባ። የት ሄደ ብሎ የጠየቀ የለም።

"የመምህርሽ ቁመት ምን ያህላል?" አሉኝ አባቴ የዚያን ዕለት።

"ከእርስዎ ትንሽ ይረዝማል።"

ቀርከሃ አውጥተው ለክንድም ለእግርም የሚሆን ስንጥቅ አዘጋጁ።

"የቱን እንደሚሰብሩት በምን አውቃለሁ፤ ሲለቁት መቼም ወደኛ ነው የሚያመጡት" አሉ።

ከጓሮ በሩ በላይ ሰቀሉት። ከዚያ ወዲያ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ቅቤውን ሊያሞቁ ይነሡ ነበር። ብዙ ሰው መጣ፤ ለሁሉም ሌላ ቀርከሃ እየሰነጠቁ አሰሩላቸው። የመምህሩን ግን ለማንም አልሰጡም። ደርግ ሲወድቅም እዚያው እንደተሰቀለ ነበር።