ኪራዩ ጭስ የሆነበት ቤት

ቡሬ የገባሁት በጣልያን ዘመን፣ አንድ ባል ፈትቼ ሁለተኛ ሳላገባ ነው። ሰው ሁሉ ከከተማ ወደ ገጠር ሲሸሽ እኔ ከገጠር ወደ ከተማ ወረድኩ። ያን ጊዜ አብዳለች ያሉኝ ሰዎች ኋላ ልጆቻቸውን «እዚያ አንቺ ዘንድ ይደሩልን» እያሉ ላኩብኝ። እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ። ስም አልጠራም፤ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ፣ እነሱ ደግሞ ምንም አላደረጉኝም።

አገሬ በሰከላ ወገን፣ ደጋ ነው። ከባሌ ቤት ስወጣ የተጠጋሁት ወንድሜ ዘንድ ነበር። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፋቱን ለሚስቱ ትቶላታል። እሷ ትወልዳለች፣ እኔ አዝላለሁ። አንዱ ከጀርባዬ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። በዚያ ላይ ከብቱ የበዛ፣ ጥርሱ ያለቀ፣ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ሽማግሌ ይጠይቀኝ ጀመር። የወንድሜ ሚስት ሽማግሌው በመጣ ቁጥር መደቡን ራሷ ታነጥፍለት ነበር። ለእኔ ግን አንድ ቀን አንጥፋልኝ አታውቅም።

ቡሬን ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ገብስ ጭነን ገበያ ስንወርድ ነው። የበርበሬ ወራት ነበር። በየደጁ የተሰጣው በርበሬ መሬቱን አቅልቶታል፣ ሰዉ እያነጠሰ ይሳሳቃል፣ ውኃው በየጓሮው ይወርዳል። እህሉም ከእኛ አገር ይልቅ ርካሽ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን በሙሉ አላወራሁም። ወንድሜ ያመመኝ መሰለው።

በዚያው ሰሞን ከቡሬ አንድ መሪጌታ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ጣልያንን ሸሽተው እኛ ደብር ተጠግተው ነበር። አንድ ቀን ወንድሜ ቤት ጠላ ሲቀምሱ ስለ ቤታቸው አዘኑ።

«የሣር ቤት ጭስ ካልገባበት ክረምት አይዘልቅም። ክዳኑ ይበሰብሳል፣ ማገሩን ምስጥ ይበላዋል። በየቀኑ እሳት የሚያነድልኝ ሰው ባገኝ ኪራይ አልጠይቅም፤ ጭሱ ይበቃኛል» አሉ።

«እኔ አነድልዎታለሁ አባ» አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣኝ። ደግነቱ ሳያስቡት የሚወጣ ነገር ወደ አፍ አይመለስም።

ወንድሜ መሪጌታውን ያከብራል፣ እምቢ ማለት አልቻለም። ሚስቱ ግን በጎን ቆነጠጠችው መሰለኝ፣ ውሎ አድሮ ቃሉን አጠበቀው።

«ፍልሰታ ሲፈታ እመጣለሁ» አለኝ። «'እኔ አለሁላት' የሚል አንድ የቡሬ ሰው ካገኘሁ ትቀመጫለሽ። ካላገኘሁ ይዤሽ እመለሳለሁ። ሽማግሌውም እስከዚያ ይጠብቃል።»

«አንድ ሰው ብቻ?»

«አንድ ይበቃኛል።»

«አንዱስ ከየት ይመጣል?» አለች ሚስቱ ከጓዳ።

ከፋሲካ በኋላ ወረድኩ። ቤቱ ትንሽ ነው፣ ግን ምሰሶው ቀጥ ያለ፣ ጓሮው ኮክና ጌሾ ያለበት፣ በሩ ከውስጥ የሚቀረቀር። ከኮረብታው ላይ የጣልያን ምሽግ አለ፣ ባንዲራውም ይታያል። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ወደሚሏት ከተማ የሚያልፈውንም መንገድ ጣልያን ያስጠርግ ስለነበር አስካሪው፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር፣ ይመላለሳል። እኔ ወደዚያ ዞሬም አላይ። የመጀመሪያውን ቀን በሬን ቀርቅሬ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ማንም ልጅ ሳያለቅስብኝ ቆሎዬን እስከ መጨረሻው ፍሬ በላሁ። እንደዚያ ጣፋጭ ቆሎ ከዚያ ወዲያ አልቀመስኩም።

ቀጥሎ እሳት ያስፈልገኝ ነበር፤ ኪራዩ እሱ ነውና። ገል ይዤ ፊት ለፊት ወዳለው ቤት ሄድኩ። የቤቱ እመቤት የሰፈሩ ሴቶች ማኅበር አውራ ነበረች፣ ፊቷ ሰፊ፣ ነጠላዋ ሁልጊዜ ንጹሕ።

«እንደምን አደሩ እትዬ። እሳት ልጭር ብዬ ነበር።»

«እግዜር ይመስገን። ላሜ ወልዳለች፤ ከቤቴ እሳት አይወጣም።»

በእኛም አገር ላም በወለደችበት ሰሞን እሳት ከቤት ከወጣ ወተቱ አብሮ ይወጣል ይባላል። እንኳን ደስ ያለዎት ብዬ ወደ ቀጣዩ ቤት አለፍኩ። እዚያ ደግሞ ዶሮዋ ታቅፋለች። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቤት የዘር ቀን ነው። በዚያ ሰፈር የዚያን ቀን ያልወለደ፣ ያልታቀፈ፣ ያልተዘራ ነገር አልነበረም። ስመለስ ላም ወለደችልኝ ያለችው ሴት ከአጥሩ ወዲያ ለጎረቤቷ ስትናገር ሰማኋት።

«ብቻዋን ከተማ የገባች ፈት ከምሽጉ ሌላ ምን ጉዳይ አላት? ዛሬ እሳት ትጭራለች፣ ነገ አስካሪ ይዛ ትመጣለች።»

ከከተማው ወጥቼ ማሳ ለማሳ ሄጄ፣ የማላውቃት አንዲት የገበሬ ሚስት ፍም በኩበት ጠቅልላ በሰባራ ድስት ሰጠችኝ። እያራገብኩ ተመለስኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳቴ ጠፍቶ አያውቅም። የደጋ ልጅ እሳት ማዳፈን የሚማረው መራመድ ሲማር ነው፦ ከታች ደረቅ ኩበት፣ በላዩ ፍም፣ በላዩ አመድ፤ አመዱ ሲጫን አይታፈን፣ ሲላላ አይንደድ። እንዲህ ከተዳፈነ ቀኑንም ሌሊቱንም አይሞትም፣ ጭሱም ለዓይን አይታይም።

ክረምቱን ብቻዬን ነበርኩ፣ ግን አዘንኩ ብዬ አልዋሽም። ከጣራው ጠፈር ሥር ተቀምጬ እፈትላለሁ፣ ድሩንና ማጉን ገበያ አወጣለሁ፣ ሲደርስ በቆሎ እየጠበስኩ ዝናቡን አያለሁ። ማታ ማታ እዘፍን ነበር። ድምፄ ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የሚሰማኝ ግን የመሪጌታው ጣራ ብቻ ነው፣ እሱም ጭሱን እስካገኘ ድረስ አላማረረም። የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ፍልሰታ ገባ፣ እየተጋመሰ ሄደ፣ በቡሬ ግን «አለሁላት» የሚለኝ ቀርቶ ደጄን የረገጠ አልነበረም። ቅዳሴ ላይ እንኳ አጠገቤ የሚቆም የለም። ሽማግሌው በሕልሜ ይመጣ ጀመር፣ ያለ ጥርስ እየሳቀ።

ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ አንድ ጠዋት ወሬ ተነሣ። አርበኞች መንገዱን ቆርጠዋልና አውሮፕላን ይመጣል ተባለ። የማኅበሯ አውራ በየደጁ እየዞረች አዘዘች።

«እሳታችሁን በውኃ አጥፉ! ጭስ ያየ እንደሆነ እዚያው ላይ ነው የሚጥለው።»

የእኔን ደጅ ዘለለችው። ትእዛዙን የሰማሁት በአጥር ነው፣ እሱም ለእኔ አልተባለም። እሳት በውኃ መግደል ደግሞ በእኛ አገር ነውር ነው። እንደ ልማዴ አዳፍኜ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ሰዉን ተከተልኩ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ ዋልን፣ አደርን። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርድብናል። አውሮፕላን ቀርቶ አሞራም አልዞረም። ሴቶቹ ምድጃቸውን እንዴት አድርገው እንዳጠፉ ይተራረኩ ነበር፤ አንዷ አንድ እንስራ፣ ሌላዋ ደግማ እንደደፋች። የሚነገረውን እየሰማሁ አፌን በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንኩ። የበረደኝ መሰላቸው።

በማግስቱ ስንመለስ የጾሙ ፍቺ ዋዜማ ነበር። በየቤቱ ዶሮ ታስሮ ይጮኻል፣ ሊጥ ተቦክቷል፣ ምድጃው ግን ጭቃ ነው። እንጨቱ በስብሷል። ክብሪት የሚሸጠው ዓረብ ሱቁን ዘግቶ የሸሸበት አይታወቅም። ከምሽጉ እሳት ልለምን የሚል ደግሞ የለም። እኔ ቤቴ ገብቼ አመዱን ገለጥ አደረግሁ፣ ጭድ ጨመርኩ፣ እፍ አልኩበት። ጥቂት ቆይቶ ከመሪጌታው ጣራ ላይ ጭስ ተነሣ። በሰፈሩ ያለ ጭስ እሱ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ አንዲት ልጅ ገል ይዛ መጣች። ከዚያ እናቷ። ከዚያ ዶሮዋ የታቀፈችው። ከዚያ ደጄ ሞላ።

ወንድሜ አህያውን እየነዳ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ነጠላ የለበሱ ሴቶች ደጄ ላይ ተሰልፈው ሲያይ ቆብ ከራሱ አወረደ። ከመጨረሻዋ ሴት ጋር ሲነጋገር ከውስጥ ሰማሁት።

«መቼ ነው ያረፈችው?»

«ማን?»

«እህቴ።»

«እሷማ ምን ትሆናለች፣ እሳት ትሰጣለች። ተራዎን ይጠብቁ።»

ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። እኔ ፍም በመቆንጠጫ እያነሣሁ ገል ውስጥ እጨምራለሁ። «ደኅና ነሽ?» አለኝ። «እንደምታየኝ አያ» አልኩት። ከዚያ በላይ ለመናገር ፋታም አልነበረኝ።

የማኅበሯ አውራ የመጣችው ከሁሉ በኋላ ነው፣ ገሏን ከነጠላዋ ሥር ደብቃ። ፍም አነሣሁላት፣ ግን ቶሎ አልሰጠኋትም፤ አመዱን እያራገፍኩ ቆየሁ። ወንድሜ ዕድሜዋንና አለባበሷን አይቶ የሚፈልገውን እሷን ጠየቀ።

«እትዬ፣ ለዚች ልጅ 'እኔ አለሁላት' የሚል አንድ የቡሬ ሰው እፈልጋለሁ። ካጣሁ ዛሬውኑ ይዣት እሄዳለሁ።»

ሴቶቹ ገል እንደያዙ ቆመው ያዳምጣሉ። ፍሙ ከመቆንጠጫው እጄ ላይ ቢወድቅም አይታወቀኝም ነበር።

«ዛሬ? ዶሮው ሳይሠራ?» አለች።

«ዛሬ።»

«እንግዲያ ልንገርህ ወንድም። ኩሩ ናት። ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ትዘፍናለች፣ እግዜር ይይላት፣ ጅብ ይሻላል።»

ሴቶቹ ሣቁ።

«ይኼ ምስክርነት ነው?» አለ ወንድሜ።

«አልጨረስኩም። ከመጣች ጀምሮ በአጥሬ ቀዳዳ ዓይኔን ከደጇ አልነቀልኩም። ወደ ምሽጉ ስትሄድ ለመያዝ ነበር። አልሄደችም። ወንድ የሚባል ደጇን አልረገጠም። ብትሄድማ ቀድሜ የምነግርህ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ እኔ አለሁላት።»

ሰው ጎረቤቱን በአጥር ቀዳዳ ሲሰልል እንደ ከረመ በአደባባይ ሲናገር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አላፈረችም። አሁንም ሳስበው ለእኔ ብላ አልመሰከረችም እላለሁ፤ ለዶሮዋ ነው። ወንድሜ ግን ቃሏን አመነ። ከጠላት የሚገኝ ምስክር የበለጠ ይታመናል። ትልቁን ፍም ሰጠኋት፤ ትንሹን ብሰጣት ኖሮ ሲወራብኝ ይኖር ነበር።

ወንድሜ ፍቺውን ከእኔ ጋር በላ፣ ከጎረቤት የመጣውንም ጭምር። ለእሳቱ አጸፋ ከየቤቱ አንድ አንድ ሳህን መጥቶ ነበርና ቤቴ ያን ቀን ሠርግ ቤት መሰለ። ሲነሣ አህያውን በርበሬ ጫንኩለት።

«ሚስቴን ምን ልበላት?» አለኝ።

«ያየኸውን።»

ትንሽ አሰበና ሣቀ። ሲሄድ እስከ ውኃው ድረስ ሸኘሁት።

ስመለስ የማኅበሯ አውራ ከደጇ ቆማ ነበር።

«ከመጪው ወር ማኅበር ግቢ። ጽዋው በተራ ይዞራል» አለችኝ።

«አስቤ እነግርዎታለሁ እትዬ» አልኩ።

የማስበው ነገር አልነበረም። ቢሆንም እስከ ማግስቱ አላስታወቅኋትም።