የአውሮፕላኑ ጥለት

አስራ ስምንት ማዞሪያ የምሠራ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። እጄ ሥራ መፍታት አይወድም። አንድ ደንበኛዬ ከዱባይ በካርቶን ያመጣውን፣ በሪሞት የሚበር ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን «አልቻልኩበትም፣ ውሰጂው» ብሎ ሲሰጠኝ ሳሎኑን ወርሼ ተቀመጥኩ። እንጨቱ ብስኩት ነው፤ ጠበቅ አድርገው ከያዙት ይሰበራል። እንደ ምንም ገጣጥሜ ጨረስኩ። ክንፉ ላይ የሚለጠፈውን ላስቲክ ግን የመመሪያ ወረቀቱ በካውያ አሙቁት ይላል። አሞቅኩት፤ አበዛሁት መሰለኝ፣ ተኮማትሮ ቋንጣ መስሎ ቁጭ!

እናቴ ሶፋው ላይ ሆና ታየኛለች። አባቴ ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ሙት ዓመቱን አውጥተናል፤ እሷ ግን ከሏን አላወጣችም። ጥቁር ቀሚስ፣ የተዘቀዘቀ ጥቁር ነጠላ፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀር ከበር ንቅንቅ የለም። ዘመድ ለመናት፣ እኔም ለመንኳት፤ ወይ ፍንክች! እንዲህ እንደተቀመጠች እሷንም እንዳላጣት ነበር ፍርሃቴ።

«በላስቲኩ ፈንታ ስስ ጨርቅ ነው የምትፈልጊው?» አለችኝና ከቁም ሳጥኑ ነጭ ነጠላዋን አወጣች፤ አባቴ ለፋሲካ የገዛላትን፣ ባለ ቀይ ጥለቱን። «ውሰጂው። ለማን ብዬ ልለብሰው?»

ክፍት ቢለኝም ተቀበልኳት። መቼም ነጠላ ሁለት ጫፉ ላይ ጥለት አለው፣ የኔም አውሮፕላን ክንፉ ሁለት ነው። ጥለቱ ወፈር ስለሚል ነፋሱን ይቻለው ብዬ በሁለቱም ክንፍ ወደ ፊት አድርጌ በስፒል ወጋጋሁት። ኮላ ልቀባ ስል እናቴ ጮኸች።

«አንቺ ልጅ! ምነው ነጠላውን አዘቅዝቀሽ አለበስሽው? ማን ሞቶበት ነው?»

እውነትም! አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ስለሚቆም ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ ለቀስተኛ መስሏል። ሳቄ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም።

«እንዲህ ሆኖ አይበርም። ገልብጪው!»

«አንቺስ? የራስሽን ነጠላ መቼ ነው የምትገለብጪው?»

ምላሴን ይቁረጠው! ተነስታ መኝታ ቤት ገባች። ራሴን ስረግም ቆየሁ። ስትመለስ መነጽሯን አድርጋለች። ስፒሉን አንድ በአንድ ነቅላ፣ ጥለቱን ወደ ኋላ አዙራ፣ ጨርቁን ወጥራ ሰፋችልኝ። እኔ ኮላውን በውሃ አቅጥኜ ቀባሁበት። ኮላው ስላከበደው፣ የአዲስ አበባ አየርም ስስ ስለሆነ፣ ፕሮፔለሩን በትልቅ ቀየርኩት።

እሁድ ጠዋት አስኮ ሜዳ ላይ ላበረው ልወጣ ስል «እኔም እመጣለሁ» አለች። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። በአስኮ ታክሲ አውሮፕላኑን ታቅፋ ተቀመጠች።

«እማማ፣ የሱንም ሂሳብ!» አላት ረዳቱ።

«እሱ ሲመለስ በራሱ ነው» አለችው። ታክሲው በሙሉ ሳቀ።

ሜዳው ላይ ተነሳልኝ! አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ። ከኋላዬ እልልታ ሰማሁ፤ የእናቴ ነው። ደንግጬ ዞር ስል ነፋስ ጠለፈውና በአፍንጫው ተተከለ። እያለቀስኩ ሮጥኩ። እሷ ቀስ ብላ ደረሰች፤ ጥቁሩን ነጠላ ከትከሻዋ አውልቃ ስብርባሪውን ጠቀለለችበት።

«ምን ያስለቅስሻል? ይሠራል እኮ!»

በነጋታው ጥቁሩን ነጠላ አጥቤ፣ አጣጥፌ አመጣሁላት። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

«ኮላ ጥረጊበት» አለችኝ።